ነጭ የደም ሴሎችን በቀለም የለየው ፖል ኤርሊክ

ሐኪም ዘንድ ቀርበን ደም እንድንሰጥ ስንታዘዝ ብዙ ጊዜ ከሚሠሩልን ምርመራዎች አንዱ የደም ሴሎች ቆጠራ ነው። አብዛኞቻችን ሲቢሲ በሚለው አጠራር እናውቀዋለን። በውጤቱ ወረቀት ላይ ከነጭ የደም ሴሎች ጠቅላላ ቁጥር ቀጥሎ ኒውትሮፊል፣ ሊምፎሳይት፣ ሞኖሳይት፣ ኢኦሲኖፊል እና ቤዞፊል የሚሉ ስሞች ከነመቶኛቸው ተደርድረው ይገኛሉ። ታካሚው ግን እነዚህን ስሞች እምብዛም አያያቸውም። ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ደሜ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ ወይስ የለም? ነጭ የደም ሴል ጨምሯል የሚል ቃል ከሰማ በኋላ ወረቀቱን አጣጥፎ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት የሚያመራና አንቲባዮቲክ ገዝቶ የሚውጥም ጥቂት አይደለም።

ይሁን እንጂ የበሽታው ፍንጭ ብዙ ጊዜ ያለው ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ በእነዚያ ስሞች ውስጥ ነው። የትኛው ዓይነት ሴል ጨመረ? የትኛውስ ቀነሰ? ሐኪሞች ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት መመለስ የጀመሩት በ1870ዎቹ መጨረሻ አንድ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም የደም ጠብታን በጨርቅ ማቅለሚያ ቀለም መንከር ከጀመረ በኋላ ነው። ሰውየው ፖል ኤርሊክ ይባላል። በወረቀቱ ላይ ከምናያቸው አምስት ስሞች ሦስቱ የእሱ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው አምዳችን የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ እናስቃኛችኋለን። በመጨረሻም የደም ምርመራ ውጤታችሁን ስትቀበሉ ልታስተውሉት የሚገባውን ነጥብ እናነሳለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቀለም የተማረከው ተማሪ

ፖል ኤርሊክ ማርች 14 ቀን 1854 ሽትሬለን በምትባል አነስተኛ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ መንግሥት ሥር በነበረው የሲሌዥያ ግዛት ትገኝ ነበር፤ ዛሬ የፖላንድ አካል ናት። አባቱ በእንግዳ ማረፊያና በመጠጥ ሥራ ይተዳደር ነበር። በእናቱ ወገን የሚዛመደው ካርል ቫይገርት ደግሞ የሰውነት ክፍሎችን በስሱ እየቆረጠ፣ በቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር የታወቀ ሐኪም ነበር። ኤርሊክ ወደዚህ ሥራ እንዲሳብ የቫይገርት አርአያነት ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ጊዜው ለቀለም የተመቸ ነበር። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጡ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ገና መሠራት የጀመሩበት፣ የጀርመን ፋብሪካዎችም በየዓመቱ አዳዲስ ቀለም ለጨርቃ ጨርቅ የሚያቀርቡበት ዘመን ነበር። ክር የሚነክር ሰው እንደሚያውቀው ሱፍና ጥጥ በአንድ ቀለም ውስጥ ቢነከሩ እኩል አይቀበሉትም። አንዱ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ሲታጠብ ይለቃል። ኤርሊክም የሰውነት ክፍሎች እንዲሁ መሆናቸውን አስተዋለ። አንዱ ክፍል አንዱን ቀለም ይስባል፤ ሌላው ይተወዋል። ሌሎች ይህን ሲያዩ የተሻለ ምስል ስለማግኘት ብቻ ሲያስቡ፣ እሱ ግን ለምን እንዲህ ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ቀለሙና ሴሉ የሚያያዙት በኬሚካዊ ባሕርያቸው ስለሚጣጣሙ መሆን አለበት የሚል እምነትም አደረበት። ይህ እምነት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

ኤርሊክ በብሬስላው፣ በስትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ተማረ። በ1878 የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው የሰውነት ክፍሎችን በቀለም ስለመንከር ነበር። በዚያው ጊዜ በሥጋ ክሮች መካከል ተበታትነው የሚገኙ፣ ውስጣቸው በጥቃቅን ፍሬዎች የተሞላ ሴሎችን ለይቶ ማስት ሴል የሚል ስም ሰጣቸው። ዛሬ እነዚህ ሴሎች በአለርጂ ጊዜ የሚያሳክክና የሚያስነጥስ ንጥረ ነገር የሚለቁ መሆናቸውን እናውቃለን።

አንድ የደም ጠብታ፣ ብዙ ዓይነት ሴል

ተመርቆ እንደወጣ በበርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል ተቀጠረ። አለቃው ፕሮፌሰር ፍሬሪክስ ወጣቱ ሐኪም ምርምሩን እንዲቀጥል ጊዜና ነፃነት ሰጡት። ኤርሊክ የታማሚዎችን ደም መመርመር የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ከእሱ በፊት ደም በማይክሮስኮፕ አልታየም ማለት አይደለም። አንዳንድ ነጭ ሴሎች ሻካራ ፍሬ፣ ሌሎቹ ደቃቅ ፍሬ እንዳላቸው የተመለከቱ ሊቃውንት ነበሩ። ነገር ግን ቀለም ያልነካው ነጭ ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታይ የደበዘዘ ነገር ነው፤ አንዱን ከሌላው በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል። ኤርሊክ የደሙን ጠብታ በመስታወት ላይ በስሱ ዘረጋ። አደረቀው፤ ሴሎቹ ቅርጻቸውን ሳይለቁ እንዲጸኑም በሙቀት አጠነከረው። ከዚያ በተለያዩ ቀለሞች ነከረው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። አንዳንዶቹ ሴሎች ኢኦሲን የተባለውን አሲዳማ ቀለም ስበው ደማቅ ቀይ ፍሬ አሳዩ፤ እነዚህ ኢኦሲኖፊል ተባሉ። ሌሎቹ ቤዝ የተባለውን ተቃራኒ ዓይነት ቀለም ስበው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬ ያዙ፤ ቤዞፊል ተባሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ሁለቱን በማዋሃድ የተሠራውን ገለልተኛ ቀለም ተቀበሉ፤ ኒውትሮፊል የሚለውን ስም ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የስሞቹ መጨረሻ የሆነው ፊል የሚለው ቃል በግሪክ ቋንቋ መውደድን ያመለክታል። እያንዳንዱ ሴል የተሰየመው በሚወደው ቀለም ነው ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ፍሬዎች የማይታዩባቸውን ሊምፎሳይቶችም ለብቻቸው መደባቸው።

ይህ ክፍፍል ለሕክምና ትልቅ ጥቅም ነበረው። የደም ካንሰር የያዘው ሰው ነጭ ሴሎቹ መብዛታቸው ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። አሁን ግን የበዙት ሴሎች ከአጥንት መቅኔ ወገን ናቸው ወይስ ከሊምፍ ዕጢ ወገን የሚለውን መለየት ተቻለ። ዛሬም ለደም ካንሰር የሚሰጠው ሕክምና የሚወሰነው በመጀመሪያ የሴሉ ዓይነት ከታወቀ በኋላ ነው።

የራሱ አክታ

ማርች 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ውስጥ ለሐኪሞች አስታወቀ። ኤርሊክ በስብሰባው ላይ ነበር። ባክቴሪያው ቀለም ለመቀበል አስቸጋሪ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ለማየት አድካሚ ነበር። ኤርሊክ ወዲያው ሥራውን ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈጣንና የተሻለ የአቀላለም ዘዴ አገኘ። የቲቢ ባክቴሪያ ቀለሙን አንዴ ከያዘ በአሲድ ቢታጠብ እንኳ እንደማይለቅም አሳየ። ሌሎች ሊቃውንት ያሻሻሉት ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ በበርካታ አገሮች ለአክታ ምርመራ ያገለግላል።

በ1883 ሄድቪግ ፒንኩስ የተባለችውን ወጣት አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1885 ደጋፊው ፕሮፌሰር ፍሬሪክስ በመሞታቸው በሆስፒታሉ የነበረው ነፃነት ቀነሰ። በ1888 ደግሞ ከዚያ የከፋ ነገር ደረሰበት። በራሱ አክታ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ተገኘ። ሌሎች በሽታቸውን እንዲያውቁ የረዳው ዘዴ የራሱን በሽታ ነገረው።

በዚያን ዘመን ለቲቢ የሚሆን ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሞች የሚመክሩት ዕረፍት፣ ጥሩ ምግብና ደረቅ አየር ነበር። ኤርሊክም ከባለቤቱ ጋር ወደ ግብፅ ተጉዞ እስኪሻለው ድረስ ተቀመጠ። በ1889 ወደ በርሊን ሲመለስ ሥራ አልነበረውም፤ በራሱ ወጪ አነስተኛ ላቦራቶሪ ከፍቶ ምርምሩን ቀጠለ። በ1891 ኮኽ ለአዲሱ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ጠራው። በዚያው ዓመት ከአንድ ባልደረባው ጋር ሜትሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ለሁለት የወባ ሕሙማን ሰጥቶ መሻሻል ማየቱን አስታወቀ። ቀለም ተሐዋሲውን ለይቶ መንከር ከቻለ ለይቶ ሊገድለውም ይችላል የሚለው ሐሳብ ሥር የያዘው በዚህ ጊዜ ነው።

ቁልፍና መቆለፊያ

በእነዚያ ዓመታት ዘጊ አናዳ ወይም ዲፍቴሪያ የተባለው በሽታ በአውሮፓ ብዙ ሕፃናትን በጉሮሯቸው አንቆ ይገድል ነበር። በ1890 ኤሚል ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የተሐዋሲ መርዝ በጥቂቱ የተወጋ እንስሳ ደሙ ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር እንደሚፈጠር አሳዩ። ከእንዲህ ያለው ደም የሚወጣው ሴረም ለታመሙ ሕፃናት መስጠት ተጀመረ። ችግሩ የአንዱ ሴረም ኃይል ከሌላው አለመመጣጠኑ ነበር። አንዱ ሕፃን ሲድን ሌላው በደካማ ሴረም ምክንያት ይሞታል። ኤርሊክ የሴረም ኃይል የሚለካበትን ቋሚ መስፈሪያ አዘጋጀ። መስፈሪያ የሚሆነው ሴረም ደርቆና አየር እንዳያገኘው ተደርጎ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ጋር እየተነጻጸሩ ተለኩ። ዛሬ ክትባትና ሴረም በተወሰነ መለኪያ ተመዝነው የሚሰጡን ይህን በመሰለ ጥንቃቄ ነው።

መርዙና ማክሸፊያው እንዴት እንደሚገጣጠሙ ሲለካ ግን ሌላ ጥያቄ ተነሳበት። ማክሸፊያው ከየት ይመጣል? ኤርሊክ በ1897 መልሱን በጽሑፍ አቀረበ። እንደ እሱ ሐሳብ እያንዳንዱ ሴል በገጹ ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ተቀባዮች አሉት። መርዝ ሴሉን የሚጎዳው ቁልፍ ከመቆለፊያው እንደሚገጥም ሁሉ ከአንዱ ተቀባይ ጋር ገጥሞ ነው። ሴሉ ከተረፈ የተያዘበትን ተቀባይ በብዛት ይሠራል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሲሆንበትም ወደ ደም ይለቀዋል። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ይህ የተለቀቀ ተቀባይ ነው መርዙን ገና ከሴል ሳይደርስ የሚይዘው። ዛሬ አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል የምንለው እሱን ነው።

የሐሳቡ ዝርዝር ሁሉ ትክክል አልነበረም። አንቲቦዲ የሚሠራው ማንኛውም ሴል ሳይሆን ቢ ሴል ከሚባሉት ሊምፎሳይቶች የሚመነጩ ሴሎች መሆናቸው የታወቀው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ዋናው ነጥብ ግን ጸንቷል። ቢ ሴል በእርግጥ አንቲቦዲውን በገጹ ላይ ተሸክሞ ይዞራል፤ የሚገጥመውን ሲያገኝ ይባዛና ወደ ደም ይለቀዋል። ኤርሊክ ይህን ያሰበው ማንም የሴልን ተቀባይ በዓይኑ ባላየበት ዘመን ነው።

ሁለት ወገኖች፣ አንድ ሽልማት

በ1899 መንግሥት ለኤርሊክ በፍራንክፈርት ከተማ ትልቅ ተቋም ከፈተለት። በጊዜው ሊቃውንት ሰውነት በሽታን እንዴት ይከላከላል በሚለው ጥያቄ ላይ በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን የሩሲያውን ተወላጅ ኢልያ ሜችኒኮቭን ይከተላል። ሜችኒኮቭ በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ሳለ ገላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጮችን በእሾህ ወግቶ፣ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ሲከቡት አየ። ከዚህ ተነስቶ ነጭ የደም ሴሎች ተሐዋሲን እየዋጡ እንደሚከላከሉ አስተማረ። ሌላው ወገን መከላከያው በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ማክሸፊያ ነው ይል ነበር፤ የኤርሊክ ሥራም ለዚህ ወገን ትልቅ ድጋፍ ሆነ።

በ1908 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሁለቱ ሰዎች በእኩል ተሰጠ። ጊዜ እንዳረጋገጠው ሁለቱም ልክ ነበሩ። ኒውትሮፊልና ሞኖሳይት ተሐዋሲን ይውጣሉ፤ ከሊምፎሳይት ወገን የሚወጡት ሴሎች አንቲቦዲ ያመነጫሉ። አንቲቦዲ የተጣበቀበት ተሐዋሲ ደግሞ ለመዋጥ ይቀላል። ነጭ የደም ሴሎች የሥራ ክፍፍል አላቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

ስድስት መቶ ስድስት

ከሽልማቱ በኋላ ኤርሊክ አላረፈም። ጤነኛውን ሴል ሳይነካ ተሐዋሲውን ብቻ ፈልጎ የሚመታ መድኃኒት ማግኘት የዘመናት ሕልሙ ነበር። ይህን ሐሳብ ዒላማውን ከማይስት አስማታዊ ጥይት ጋር ያመሳስለው ነበር። የአንድ ባለጸጋ ባለባንክ ባለቤት የነበሩት ፍራንሲስካ ሽፓየር በሟች ባላቸው ስም ባቋቋሙት የምርምር ቤት ከ1906 ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር በርካታ የአርሴኒክ ውሕዶችን ሠርቶ ሞከረ።

ዒላማው ቂጥኝ ነበር። የበሽታው ተሐዋሲ በ1905 ተለይቶ ታውቋል። ቂጥኝ በዚያን ዘመን አካልን የሚያበሰብስ፣ ልብንና አንጎልን የሚያጠቃ፣ ከእናት ወደ ፅንስ የሚተላለፍ መቅሠፍት ነበር፤ የሚሰጠው የሜርኩሪ ሕክምናም ራሱ ይመርዝ ነበር። በ1909 ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ከጃፓን መጥቶ ውሕዶቹን ቂጥኝ በያዛቸው ጥንቸሎች ላይ እንደገና ፈተነ። ቁጥሩ 606 የሆነው ውሕድ ጥንቸሎቹን ፈወሰ። ሳልቫርሳን የሚል ስም ተሰጥቶት በ1910 ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በፊት ግን ኤርሊክ በሺዎች የሚቆጠሩ መጠኖችን ለሐኪሞች በነፃ አከፋፍሎ ውጤቱን እንዲጽፉለት ጠየቀ።

መድኃኒቱ ብዙዎችን ቢያድንም ጉድለት ነበረው። አየር ሲነካው ይበላሻል፤ ለመርፌ ማዘጋጀቱም አስቸጋሪ ነው። በአግባቡ ባልተዘጋጀበት ቦታ ጉዳት አደረሰ፤ የሞቱም ነበሩ። ኤርሊክ በየቦታው የደረሰውን ጉዳት እየተከታተለ ምክንያቱን ይመረምር ነበር። በ1912 ለአጠቃቀም የሚቀል ሌላ ዓይነት ቢያወጣም ክሱና ስድቡ አላቆመም። አንዳንዱ ለገንዘብ ሲል ሕዝብ ፈጀ አለው። ሌላው ቂጥኝ የኃጢአት ቅጣት ስለሆነ መዳን የለበትም ብሎ ነቀፈው። አይሁዳዊ በመሆኑ የጠሉትም ነበሩ። በ1914 ስሙን ያጠፋ አንድ ጸሐፊ በፍራንክፈርት ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ፤ የኤርሊክ ጤና ግን ተጎድቶ ነበር።

ኤርሊክ ለሌሎች ጤና የደከመውን ያህል ለራሱ አልተጠነቀቀም። ብርቱ ሲጋራ ከእጁ አይለይም ነበር፤ በቀን ከሃያ በላይ ያጨስ እንደነበር ይነገራል። ምግብ የሚዘነጋበት ቀንም ብዙ ነበር። በ1914 መጨረሻ ቀለል ያለ የአንጎል ደም ሥር ጥቃት ደረሰበት። ኦገስት 20 ቀን 1915 ባድ ሆምቡርግ በተባለች ከተማ ዕረፍት ላይ ሳለ በልብ ሕመም አረፈ። ዕድሜው 61 ነበር።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በስሙ የተሰየመውን ጎዳና ስም ለወጡት፤ ባለቤቱም አገሯን ጥላ ተሰደደች። ከጦርነቱ በኋላ ግን ጀርመን ስሙን መለሰች። ክትባቶችንና የደም ውጤቶችን የሚቆጣጠረው የአገሪቱ መንግሥታዊ ተቋም ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

ከቀለም ወደ ሴሉ ገጽ

የኤርሊክ ቀለም ያልፈታው አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ሊምፎሳይቶች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም ተመሳሳይ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱ አንቲቦዲ ይሠራል፤ ሌላው በቫይረስ የተያዘን ሴል ይገድላል፤ ሦስተኛው ሌሎቹን ያዛል። ምን ይለያቸዋል?

መልሱ የተገኘው ኤርሊክ በጠቆመው በሴሉ ገጽ ላይ ነው። በ1975 በእንግሊዝ ኬምብሪጅ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አገኙ። እንዲህ ያለው አንቲቦዲ በሴሉ ገጽ ላይ ካሉት ብዙ ምልክቶች አንዱን ብቻ ለይቶ ይይዛል። የሚያበራ ቀለም ከአንቲቦዲው ጋር ይያያዛል፤ ደሙ በልዩ መሣሪያ ውስጥ በጨረር ፊት ሲያልፍ ምልክቱ ያለው ሴል ያበራል፤ መሣሪያውም ይቆጥረዋል። የኤርሊክ ሁለቱ ሥራዎች፣ ማለትም ቀለሙና ቁልፉ፣ በአንድ ምርመራ ተገናኙ።

በ1982 በፓሪስ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች እነዚህን የገጽ ምልክቶች ሲዲ በሚል መጠሪያና በቁጥር መሰየም ጀመሩ። ሲዲ 3 የቲ ሴሎች ሁሉ ምልክት ነው። ሲዲ 8 በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን የሚገድሉት ቲ ሴሎች የሚለዩበት ነው። ሲዲ 19 እና ሲዲ 20 በቢ ሴሎች ላይ፣ ሲዲ 14 በሞኖሳይት ላይ ይገኛሉ። ሲዲ 4 ደግሞ የሌሎቹን ሥራ የሚያስተባብሩት ረዳት ቲ ሴሎች ምልክት ነው።

ይህ የመጨረሻው ስም በአገራችን ከሐኪም ቤት አልፎ በየመንደሩ ታውቋል። ኤችአይቪ ወደ ሴል የሚገባው በዚሁ ሲዲ 4 በኩል ነው። ቁልፉ ከመቆለፊያው እንዲገጥም ቫይረሱ ከዚህ ምልክት ጋር ይገጥማል፤ የሰውነትን አስተባባሪ ሴሎችም ያጠፋል። የሲዲ 4 ቁጥር ከ200 በታች ሲወርድ ሰውነት ለቲቢና ለሌሎች አጋጣሚ በሽታዎች ይጋለጣል። ዛሬ ሕክምናው የሚጀመረው ቁጥሩ እስኪወርድ ተጠብቆ ሳይሆን ቫይረሱ በደም ውስጥ መኖሩ እንደተረጋገጠ ነው።

ምልክቱ መለያ ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒት ዒላማም ሆኗል። ሲዲ 20ን ፈልጎ የሚይዝ ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ከ1997 ጀምሮ የቢ ሴል ካንሰርን ለማከም ይሰጣል። ኤርሊክ ያለመው ጥይት ይህን ይመስላል።

ከውጤቱ ወረቀት ምን እናስተውል?

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ታሪክ ለራሳችን ጤና የሚሆኑ ጥቂት ነጥቦችን እንውሰድ።

አንደኛ፣ የነጭ የደም ሴሎች ጠቅላላ ቁጥር ብቻውን በሽታ አይነግርም። በአዋቂ ሰው ቁጥሩ በአብዛኛው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 ይሆናል። ከዚህ ከፍ ማለቱ የግድ በባክቴሪያ መያዝ ማለት አይደለም። እርግዝና፣ ከባድ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ድንጋጤና አንዳንድ መድኃኒቶችም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ።

ሁለተኛ፣ የትኛው ዓይነት ሴል እንደተለወጠ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የኒውትሮፊል መጨመር ብዙ ጊዜ ወደ ባክቴሪያ ያመለክታል። የሊምፎሳይት መጨመር በቫይረስ ሕመም ይታያል፤ በቫይረስ ላይ ደግሞ አንቲባዮቲክ አይሠራም። የኢኦሲኖፊል መጨመር የአንጀት ትላትልን፣ ቢልሃርዚያን፣ አስምን ወይም አለርጂን ሊጠቁም ይችላል፤ እንዲህ ያለው ታካሚ የሚያስፈልገው የሰገራ ምርመራ ሆኖ ሳለ አንቲባዮቲክ ቢውጥ ገንዘቡን ከማባከኑም በላይ መድኃኒቱን የሚለምዱ ባክቴሪያዎችን ያበረታታል።

ሦስተኛ፣ የኒውትሮፊል ቁጥር ዝቅ ብሎ መገኘት ሁልጊዜ አያስደነግጥም። በብዙ ጤነኛ አፍሪካውያን ቁጥሩ በመጻሕፍት ከተጻፈው መጠን ዝቅ እንደሚል ይታወቃል። በሌላ በኩል የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳት ከተሰማው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ የሚከላከሉለት ሴሎች እጅግ ቀንሰው ሊሆን ይችላልና።

አራተኛ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለባችሁ የቲቢ ምርመራ አድርጉ። ኤርሊክ በዘመኑ ያላገኘው መድኃኒት ዛሬ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ሲጀመር ግን ሻል አለኝ ተብሎ የሚቋረጥ አይደለም፤ ባለሙያው እስካዘዘው ቀን ድረስ መወሰድ አለበት።

አምስተኛ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ አያምልጣቸው። ቂጥኝ ዛሬ በፔኒሲሊን ይድናል፤ ቀድሞ ከታከመም ፅንሱ ይተርፋል። ልጆችም የዘጊ አናዳን ክትባት የሚያካትተውን መደበኛ ክትባታቸውን በጊዜው ይጨርሱ።

በመጨረሻም የምርመራ ውጤታችሁን ወረቀት አትጣሉት። ዛሬ የወጣው ቁጥር ከወራት በኋላ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ወደ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀቱን ለሐኪሙ አሳዩና ከስሞቹ የትኛው እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠም ተረዱ። ጤና ይስጥልን!